ነጻ ፈቃድና የዓለም ገበያ

ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ለመዝመት በሚሰናዳበት ወራት ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበርና፣ በኋላ ዘመኑ በጻፈው መጽሐፍ ስለ አክሱም ነጋዴዎች የማይረሳ ነገር ትቶልን አልፏል። እርሱ እንደሚለው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ምድር ገዥ አማካይነት ወርቅ ወደሚገኝበት ሳሱ ወደሚባል አገር በየሁለት ዓመቱ ሰዎች ይልካል፤ ሌሎች ነጋዴዎችም ስለሚከተሏቸው የጓዙ ሰው ሁሉ ከ500 ይበልጣል። ከአገሩ ዳርቻ ሲደርሱ ይሰፍሩና እሾህ ሰብስበው ሰፊ አጥር ያጥራሉ፤ የነዷቸውን በሬዎች አርደው ሥጋውን እየቆራረጡ በእሾሁ ላይ ያኖራሉ፤ ጨዉንና ብረቱንም እንዲሁ ያደርጋሉ። የአገሩ ሰዎች የግብጦ ፍሬ የሚያህል ወርቅ ይዘው ይመጡና ደስ ባሰኛቸው ሥጋ ወይም ጨው ላይ አንድ፣ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጠ ፍሬ አኑረው ፈቀቅ ይላሉ። ባለ በሬው ቀርቦ ያያል፤ ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፣ ያም ሰው መጥቶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልበቃው ግን ወርቁን ሳይነካ ይመለሳል፤ ወርቁ እንዳልተነሣ የተመለከተው ሰውም ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ መንገዱን ይሄዳል። ቋንቋቸው የተለያየ ስለሆነና አስተርጓሚም ስለሌለ፣ ገበያው ተጀምሮ እስኪፈጸም አንዲት ቃል አትወጣም።

በዚህ ገበያ የተገናኙት ሰዎች በዘር፣ በቋንቋና በሃይማኖት ባዕዳን ነበሩ፤ ከሁለቱ በላይ ሆኖ የሚዳኛቸው ሸንጎ አልነበረም፤ ከአክሱም የመጡት ብዙና የታጠቁ ስለነበሩ፣ ወርቁን በጉልበት ልንውሰድ ቢሉ የሚከለክላቸው ብዙም አልነበረም። እንደዚህም ሆኖ በመካከላቸው ግፍ አልተፈጸመም። ግፍ ያልተፈጸመው ዋጋው በአንድ ጠቢብ ስለተተመነ ወይም ሰዎቹ ስለተፋቀሩ አይደለም፤ በእሾሁ ላይ የተቀመጠው ወርቅ ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ስለነበረና፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይዞ በሰላም ለመመለስ ይችል ስለነበረ ነው። እኔ እንደማምነው የንግድ ጽድቅ ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሉላዊነት የምንለው፣ አሕዛብን ሁሉ በሸቀጥ፣ በብድር፣ በወሬና በሥራ ያስተሳሰረው የዘመናችን ሥርዓትም ሊመዘን የሚገባው በዚሁ ሚዛን ነው። በማያውቁት ሰው ድካም መብላትና መልበስ በደል የሚሆነው መቼ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ያ የማናውቀው ሰው እምቢ ለማለት በማይችልበት ጊዜ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ሊቃውንት ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረበትን ምሥጢር ሲተረጕሙ፣ አምሳያው በሥጋው መልክ ሳይሆን ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት በሆነች ነፍሱ፣ ይልቁንም በነጻ ፈቃዱ እንደሚታወቅ ያስተምራሉ። ፈጣሪ ዕፀ በለስን በገነት ሲያበቅል አዳም እንዳይደርስባት አጥር አላጠረባትም፤ መታዘዝ ዋጋ የሚያገኘው አለመታዘዝ ሲቻል ብቻ ነውና። ከዚህ የሚልቀው ምሥጢር ደግሞ በናዝሬት ተፈጸመ፤ ዓለማትን ያለ አማካሪ የፈጠረ ጌታ ሰው ሊሆን በወደደ ጊዜ የአንዲት ድሃ ብላቴና ፈቃድ እስኪገለጥ ድረስ ጠበቀ፤ መልአኩም እሺታዋን ሳይሰማ ከፊቷ አልሄደም። ሁሉን ማድረግ የሚቻለው አምላክ የፍጡሩን ፈቃድ እንዲህ ካከበረ፣ ሀብት ወይም ሠራዊት ስላለው ብቻ የባልንጀራውን ፈቃድ ረግጦ ለማለፍ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከወዴት ይገኛል?

ስለ ናቡቴ የተጻፈውን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በአሟሟቱ ነው፤ ነገር ግን ከአሟሟቱ በፊት ያለው ነገር ለጉዳያችን ይበልጥ ያስፈልጋል። ንጉሥ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ በወደደ ጊዜ በመጀመሪያ በነጻ ልውሰድ አላለም፤ በፋንታው የተሻለ የወይን ቦታ ሊሰጠው፣ ወይም ቢፈልግ ዋጋውን በገንዘብ ሊከፍለው ቃል ገባለት። የዘመናችን የንግድ አዋቂ ቢጠየቅ፣ የቀረበው ዋጋ መልካም ነው፣ የተጎዳም የለም ብሎ ይፈርድ ነበር። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት በምንም ዋጋ ለማሳለፍ አልወደደም፤ ንጉሡም እምቢታውን ለመሸከም ስላልቻለ አዝኖ በአልጋው ላይ ተጋደመ፣ ምግብም ተወ፤ ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ ያቆመቻቸው የሐሰት ምስክሮችና ድንጋዩ መጡ። ነቢዩ ኤልያስ የተላከው ስለ ዋጋው ማነስ ለመከራከር አልነበረም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በጋምቤላ ቆላ ለአንድ የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት በኪራይ ተሰጥቶ፣ እርሻው እንደታሰበው ሳይሆን ቀርቶ ውሉ በፈረሰ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን የተከራከርነው ስለ ኪራዩ ርካሽነትና ስለ ምርቱ መጥፋት ነበር፤ ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን በዚያ መሬት ላይ ከብቱን የሚያሰማራውና ማሽላውን የሚዘራው ሰው አልሰጥም ለማለት ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው።

ይህን ስል ንግድን የሚያወግዙና አገር በሯን ዘግታ ትኑር የሚሉ ሰዎችን መደገፌ አይደለም። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት፣ ባሕር መልካም የተባለችበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ተራርቀው የሚኖሩትን ምድሮች ስለምታገናኝና የአንዱን ትርፍ ለሌላው ጎደሎ ስለምታደርስ ነው ይላል፤ እንግዲህ በእርሱ አሳብ ነጋዴውና መርከቡ ከፍጥረት ሥርዓት ውጭ አይደሉም። ነገር ግን ይኸው አባት በአገሩ ረኃብ በገባ ዘመን፣ እህሉን በጎተራ ቆልፎ ዋጋው እስኪንር የሚጠብቀውን ባለጠጋ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ገሥጾታል። በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ቅራኔ የለም። ባለጠጋው ኃጢአት ያደረገው እህል በመሸጡ አይደለም፤ የባልንጀራው ረኃብ እያየለ ሄዶ በቃኝ፣ አልገዛም የማለት አቅሙን እስኪነጥቀው ድረስ ሆን ብሎ በመጠበቁ ነው።

ደግሞስ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ ብንጥል ከእጃችን ምን ይቀራል? ሃይማኖታችንን ያስተማረን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት በነበረበት ጊዜ ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ ያበረታታቸው ነበር። የጾም ወጣችን ያለ እርሱ የማይጣፍጠው በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ ተክል ነው። ቡናውም ምንም እንኳ ከደናችን የበቀለ ቢሆን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመጠጥነት ለዓለም ያስተዋወቁት ሌሊቱን በጸሎት ለማንጋት ይጠጡት የነበሩት የየመን ሱፊዎች ናቸው፤ የእኛ ክርስቲያኖች እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የሙስሊም መጠጥ ነው እያሉ ይሸሹት ነበርና፣ ዛሬ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለን የቡና ሥርዓት በብዙ ክርስቲያን ቤት ከጥቂት ትውልድ ወዲህ የገባ ነው። ይህ ሁሉ ሲገባ አገሪቱ ማንነቷን አላጣችም፤ ምክንያቱም እያየች፣ እየመረጠች፣ በራሷም ጊዜ እያዋሐደች ተቀበለችው።

የተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ ትቶልናል። እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን ካቶሊክ እምነት በይፋ ተቀብሎ፣ ከዚያም ሕዝቡ ሁሉ እንዲቀበለው በዐዋጅ ባስገደደ ጊዜ፣ ከባላገሩና ከመነኮሳቱ ጋር ለዓመታት ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። አባ ሰላማም ከውጭ የመጣ ነው፤ የካቶሊክን እምነት ያስተማሩት የኢየሱሳውያን መምህራንም ከውጭ የመጡ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው አንደኛው ትምህርት ልብን እያንኳኳ መግባቱ፣ ሁለተኛው በሰይፍና በዐዋጅ መግባቱ ነው። ስለዚህ የባህል ጉዳይ ሲነሣ፣ ይህ ነገር የእኛ ነው ወይስ የባዕድ ብሎ መጠየቅ ብዙ ርቀት አያደርስም፤ እንዴት ገባ፣ ማንስ ፈቀደለት ብሎ መጠየቅ ግን የነገሩን ሥር ያሳያል። ዛሬ በልጆቻችን እጅ ባለው ስልክ በኩል የሚገባው ነገር በሰይፍ አይገባም፤ ይሁንና ልጁ ማየቱን እንዳያቆም በብዙ ጥበብ ተሰልቶ የተሠራ ነገር፣ ለእምቢታ የሚተርፍ ስፍራ በነፍሱ ውስጥ መተዉን እጅግ እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ፤ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነውና። በኅዳር ወር አንድ የይርጋ ጨፌ ወይም የጅማ ገበሬ ከልጆቹ ጋር ሲለቅም የዋለውን እሸት ቡና በጆንያ ተሸክሞ፣ ከመንገድ ዳር ሚዛን ወደሰቀለው ሰብሳቢ ይመጣል። ቀይ እሸት ጊዜ አይሰጥም፤ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልገባ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 5 ወይም 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋልና ሸክሙ ቀላል አይደለም፤ ፀሐይም እየጠለቀች ነው። ሰብሳቢው የዕለቱን ዋጋ በስልክ ከአቅራቢው ሰምቷል፤ አቅራቢው ከላኪው ሰምቷል፤ የላኪው ጆሮ ደግሞ ያለው በኒውዮርክ ነው። እዚያ ያለው ገበያ በብራዚል ምድር ውርጭ ወረደ ሲባል ይንራል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የሆነውም ይኸው ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ማወቅም ግዴታው አይደለም፤ እርሱ የሚያውቀው በክረምት፣ ጎተራው በጎደለ ጊዜ፣ ለልጁ ደብተርና ለቀለቡ ከዚሁ ነጋዴ ገንዘብ መበደሩንና አሁን በፊቱ ሲቆም ዕዳውም አብሮ መቆሙን ነው። ጆንያው ተመዘነ፤ ዋጋው ተነገረው፤ ተቀበለ።

ማን አስገደደው? ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ብልህና ቅን ሰዎች አሉና መልስ ሊሰጣቸው ይገባል። ገበሬው በገዛ ፈቃዱ ሸጠ፤ በራሱ ላይ ሰይፍ የመዘዘ የለም፤ ገበያው ባይኖር ኖሮ ያንኑ ጥቂት ገንዘብ እንኳ ባላገኘ ነበር ይላሉ። የመጨረሻው ቃላቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ወገን ባይሸጥ ልጆቹ የሚራቡበት፣ ሌላው ወገን ባይገዛ ከሌላ አገር የሚገዛበት ውል ሁለት ፈቃዶች የተገናኙበት ውል ነው ለማለት ይከብዳል። የሳሱ ሰው ወርቁን አንሥቶ ሲሄድ ያጣው የአንድ ቀን ሥጋ ነበር፤ የይርጋ ጨፌው ሰው እሸቱን ተሸክሞ ቢመለስ የሚያጣው የዓመት ድካሙን ነው።

ደግሞም ገበሬው ራሱ ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ፣ የሚችል የሆነ እንደሆነ ሌላ መንገድ ይይዛል። እሸቱን በአልጋ ላይ አስጥቶ፣ እያገላበጠ፣ ከጤዛና ከዝናብ እየጠበቀ ለሳምንታት ያደርቀውና ጀንፈል ያደርገዋል። ጀንፈል በጆንያ ሆኖ በቤቱ ጥግ ወራት ይቀመጣል፤ ባንክ ለራቀው ሰው ተቀማጭ ገንዘቡ እርሱ ነው፤ ለቅሶ ሲመጣ፣ ሰርግ ሲቃረብ፣ ወይም ዋጋው ሲሻል ከእርሱ አንድ ሁለት ፈረሱላ ያወጣል። በእሸትና በጀንፈል መካከል ያለው ልዩነት ለጠጪው የጣዕም ልዩነት ነው፤ ለገበሬው ግን በመገደድና በመፍቀድ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጀንፈል ያለው ሰው ለነጋዴው ነገ ተመለስ ለማለት ይችላል። ይህን ያስቻለው የማድረቂያ አልጋ፣ ጆንያ፣ ትንሽ ሜዳና ከዕዳ ነጻ የሆነ ክረምት ነው፤ እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች የሰውን ክብር ተሸክመው ይገኛሉ።

መንግሥታትም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት አምራቾቹም ገዢዎቹም አገሮች በአንድ ላይ ተስማምተው በየአገሩ የሚወጣውን ቡና በኮታ የሚወስን ነበርና፣ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አምራቹ ዋጋ ሲወድቅ ቡናውን ለመያዝ ያስችለው ነበር። በ1989 ኮታው ፈረሰ፤ ቬትናምም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከታላላቆቹ አምራቾች ተርታ ገባች፤ በ2001 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ይህም እምቢታ ነበር፤ ነገር ግን ከአባት የተወረሰ ዛፍ የተቆረጠበት እምቢታ ነው። በ2025 መጀመሪያ ዋጋው በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ ዛፉን የነቀለው ሰው ከዚህ ምን አገኘ?

በአገራችን በጌሻ ደን የተገኘው የቡና ዘር ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዘሩ ከዚያ ተለቅሞ በታንጋኒካና በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ደረሰና፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ አገር ጨረታ በአንድ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፤ በኒውዮርክ የተራው ቡና ዋጋ በዚያን ጊዜ 1 ዶላር እንኳ አልሞላም ነበር። ዘሩ መሄዱ አያስቆጨኝም፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ለዓለም ሁሉ ነው፣ እኛም በርበሬን ስንቀበል ማንንም አልከፈልንም። የሚያሳዝነኝ የደኑ ጠባቂ የሆነው ሕዝብ በነገሩ ውስጥ እንደ ሰው አለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚባሉት ስሞች የንግድ ምልክቶቿ ሆነው በአሜሪካ እንዲመዘገቡላት ባመለከተች ጊዜ፣ ብዙ ክርክርም ከተነሣ በኋላ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት በፈረመች ጊዜ፣ ያገኘችው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በስሜ አትጠቀም ለማለት የምትችል ባለቤት ሆና መታየቷ ነው።

በገንዘብ ነገር አያቶቻችን ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ነበሩ። የኦስትሪያ ንግሥት መልክና 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርትሬዛ ብር የባዕድ ገንዘብ ነበር፤ ባላገሩ ግን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የሚታዩትን ዕንቁዎች እየቆጠረ ያልተሟላውንና የተፋቀውን ይመልሰው ነበር፤ የዐፄ ምኒልክን የራሳቸውን ብር እንኳ ለመቀበል ብዙ አመንትቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያው ቀን ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ። የቀድሞው ምንዛሪ ቡና አምራቹን ይጎዳ እንደነበር የሚናገሩ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ስለ ውሳኔው ጥሩነት ወይም መጥፎነት እዚህ አልፈርድም። የማነሣው ጥያቄ፣ ዕዳዋ የደረሰባት አገር ከአበዳሪ ፊት ስትቀመጥ ከሰብሳቢው ሚዛን ፊት ከቆመው ገበሬ በምን ትለያለች የሚለው ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ሆኖ ሸሚዝና ሱሪ መስፋት ጀመሩ። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለእናት ገንዘብ መላክ በዚህ አልቻል ሲል ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ጥለው ሄዱ። አሠሪዎቹ ይህን የሥራ ባህል ማጣት ነው አሉት፤ እኔ ግን ድምፅ የተነፈገ ሰው በእግሩ የተናገረው ንግግር ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አገሪቱን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ስታስወጣ፣ ጦርነቱን ያልጀመረችው፣ ማስቆምም የማይቻላት ልብስ ሰፊ እንጀራዋን አጣች። ባዕድ መንግሥት ስለ ሰብአዊ መብት መቆርቆሩን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ቅጣቱ ባለሥልጣኑን አልፎ ደካማዋን የሚመታ ከሆነ፣ ቀጪው ራሱ ሒሳቡን ደግሞ ሊመረምር ይገባዋል።

እኛም ሁልጊዜ ተገፊዎች ብቻ እንዳልሆንን የሚያሳስበኝ የባንግላዴሹ ነገር ነው። በዳካ አጠገብ በሚገኘው ራና ፕላዛ በተባለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ በታየ ማግስት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ጧት፣ ከታች ያለው ባንክና ሱቆቹ ተዘግተው ሳለ፣ በላይኛው ደርብ ያሉት የልብስ ሰፊዎች እንዲገቡ ታዘዙ፤ ከእነርሱም የማይገባ ሰው የወር ደመወዙ እንደሚያዝበት ተነገረው። ገቡ፤ ሕንፃው ፈረሰ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ። የባንኩ ሠራተኛና ልብስ ሰፊዋ ያዩት ስንጥቅ አንድ ነበር፣ ሁለቱም ፈርተው ነበር፤ የአንደኛው ፍርሃት ተከበረ፣ የሁለተኛዋ አልተከበረም። ከእንደዚህ ያለ እጅ የወጣ ልብስ በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በስቶክሆልምም በእኛ ወገኖች ትከሻ ላይ አለ፤ በርካሽ መግዛታችንንም እንደ ብልሃት ቆጥረን ለጎረቤት እንነግራለን።

በቤሩትና በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን የሚኖሩበት ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ የነገሩን ጫፍ ያሳያል፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤቱን ጥላ የወጣች እንደሆነ ሕገ ወጥ ትባላለች፤ ብዙዎችም ፓስፖርታቸው ይያዝባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው በቤሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። መውጣት ስትፈልግ የምትያዝ፣ መቆየት ስትፈልግ የምትጣል ሰው ውል ፈርማለች መባሉ ከንቱ ነው። ይህን ለመናገር ሥልጣን የሚኖረን ግን ከገጠር መጥታ በየቤታችን ጓዳ የምትተኛውን ልጅ ሥራውን ልተወው ስትል እንዴት እንደምንሰማት ካሰብን በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናንን በብዙ አጽዋማት ታለማምዳለች፤ ጾም ሥጋ የፈለገውን፣ በእጅም ያለውን ነገር ለጊዜው አልወስድም ማለት ነው። ከሌላው ሰው ድካም የሚገዛ ሰው ይህን ልማድ ከማዕድ ወደ ገበያ ሊያወጣው የሚችል ይመስለኛል፤ ርካሽነቱ የሰው ፈቃድ በመታነቁ የመጣ መሆኑን ያወቀውን ዕቃ አልፎ ቢሄድ፣ ይህ ጾም ከቅቤ ጾም አያንስም። ነገር ግን የገዢው ተጋድሎ ብቻውን አይበቃም፤ ገዢው ገዝቶ ባይወስድ ገበሬው ጀንፈሉን ይዞ ይቀራልና።

ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ገበሬው ቸኩሎ እንዳይሸጥ የሚያስችለው ገንዘብ፣ የመጠበቅ ዋጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ ሁሉ በካርታ ላይ ተለክቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ይህ ሕግ በሥራ ላይ ሲውል የሃምቡርግ ቡና ቆዪ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ በትክክል ለማወቅ ይችላል። ማሳውን ለማወቅ ይህን ያህል ከተደከመ፣ የማሳው ባለቤት ከክረምቱ ብድር ወጥቶ እሸቱን እስኪያደርቅ፣ ዋጋውንም እስኪሰማ የሚያቆየውን ገንዘብ ከመከር በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ማድረስ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ቡናው ሲቀርብ ከሒሳቡ የሚቀነስ፣ አበዳሪው ሳይከስር የሚመለስለት ገንዘብ ነው። ማኅበራቱም አንዳንዶቹ ዛሬ ከትርፋቸው ለአባሎቻቸው ሁለተኛ ክፍያ እንደሚያከፋፍሉ ሁሉ፣ ይህን የክረምት ገንዘብ ለማስተዳደር የሚያበቃ ልምድ አላቸው። የጎደላቸው ካፒታል ነው፤ እርሱን ደግሞ ለመስጠት የሚችሉት ላኪው፣ ባንኩና በባሕር ማዶ ያለው ቡና ቆዪ ናቸው።